«ማስተማር ከጀመርኩ መዝፈኔ አበቃ ማለት ነው?»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 42 ነው። ቴነር ነኝ፤ ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። ተምሬ ከተመረቅኩበት ጊዜ ጀምሮ የምኖረው ኦፔራና ኮንሰርት እየዘፈንኩ ነው። ስማቸው ከገነነ ድምፃውያን ተርታ የምሰለፍ አይደለሁም። ግን የሚያውቁኝ ቲያትር ቤቶች አሉ። የሞዛርት ወይ የዶኒዜቲ ኦፔራ ሲያዘጋጁ ይደውሉልኛል። ቋሚ ቅጥር ኖሮኝ አያውቅም። የምፈርመው ውል በየዝግጅቱ ነው። ከዘፈንኩ ይከፈለኛል፤ ከታመምኩ አይከፈለኝም።

ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የድሮ ጓደኛዬ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ለአንድ ሴሚስተር ተካኋት። አሁን ዩኒቨርሲቲው በቋሚነት የድምፅ መምህር ሆነህ ግባ አለኝ። መልስ የምሰጥበት ሦስት ሳምንት አለኝ። ባለቤቴ ስትሰማ በደስታ ዘለለች። ሁለት ልጆች አሉን፤ የዓመቱን ግማሽ የምኖረው ከሻንጣዬ ጋር ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ትለኛለች። ወኪሌ ደግሞ «አንዴ መምህር ከሆንክ ቲያትር ቤቶቹ ይረሱሃል» አለኝ። አብሮኝ የሚዘፍን አንድ ባሪቶን (ከቴነር ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ወንድ) «መድረክ የጠላው ክፍል ይገባል» ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

እውነቱን ልንገርዎት። ከአምስት ወር በፊት በትርኢት መሃል ድምፄ ተሰበረብኝ። «ላ» የምትባለው ከፍ ያለች ኖታ ላይ ነው። አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ተመልካቹ መጨረሻ ላይ አጨበጨበ፣ ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያቺ ኖታ ልትደርስ ስትል ልቤ ይመታል። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ሥራውን ብቀበል መሸሼ ይሆን?

ደግሞስ ማስተማር እችልበታለሁ? አንድ የ20 ዓመት ቴነር ተማሪ ነበረኝ። «ፋ» ከምትባለው ኖታ በላይ ሲወጣ ይታነቃል። ብነግረው ብነግረው አልገባው ሲል ራሴ በሙሉ ድምፄ ዘፍኜ አሳየሁት። «እሺ» ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ጭራሽ ድምፁ አነሰ። አንዲት ሶፕራኖ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ያላት ሴት ተማሪ፣ ግን ነበረች። እስትንፋሷን ተቆጣጥራ አንድ ረጅም ሐረግ እስከ መጨረሻው ስታደርስ ሰውነቴን ወረረኝ፤ የራሴን የማታ ልምምድ ረስቼ አረፈድኩ። ያም ሆነ ይህ፣ ልቀበል ወይስ መዝፈኔን ልቀጥል? ይምከሩኝ።

ልቡ ሁለት የሆነበት ቴነር

*

ወንድሜ፣

በዕድሜ ታላቅህ ሳልሆን አልቀርምና «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፤ ቅር እንደማይልህ ተስፋ አለኝ። ደብዳቤህን ሳነብ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ለድምፅ ተማሪዎች ፒያኖ አጃቢ ነበርኩ። ያን ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ ፒያኖ፣ ግድግዳው ላይ ረጅም መስታወት፣ የኖታ ማስቀመጫ፣ ግማሹ የተጠጣ ውሃ። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ያዳምጣል። አጃቢዋን ልብ የሚላት የለም። ስለዚህ ብዙ ነገር ታያለች።

ጥያቄህ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ የጉሮሮህ ጉዳይ ነው። ሌላው የሥራህ ጉዳይ። አንተ ግን አንድ ላይ ቋጥረሃቸዋል። ያቺ ኖታ ባትሰበር ኖሮ የዩኒቨርሲቲውን ጥሪ እንደ ሽንፈት ታየው ነበር? እስቲ ለብቻህ ሆነህ አስብበት።

ከጉሮሮው እንጀምር። ያቺን «ላ» ስትዘፍን የድምፅ አውታሮችህ በሰከንድ 440 ጊዜ ይገጥማሉ፣ ይለያያሉ። በዚህ ፍጥነት የሚሠራ ነገር አንድ ቀን ቢስት ምን ይገርማል? ጉንፋን ጀምሮህ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ አጥተህ ሊሆን ይችላል። ማታ ከትርኢት በኋላ በልቶ ወዲያው መተኛት የሚያመጣው የጨጓራ አሲድም ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ድምፃውያን ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። ወይም ደግሞ ምንም አልነበረም፤ ትንፋሹ ትንሽ ዘገየ፣ በቃ። አርባዎቹ ውስጥ የገባ ቴነር ድምፁ ጠቆር፣ ከበድ ማለቱም የተለመደ ነው። ትናንት በቀላሉ የሚመጣው ነገር ዛሬ ሌላ አያያዝ ይፈልጋል። ይህ መለወጥ ነው፤ ማለቅ ነው ብለህ አትቸኩል።

በግምት ግን አትኑር። ሰው ሳትፈራ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ድምፃውያንን ማየት የለመደ የአንገት በላይ ሐኪም ፈልግ። ስትሮቦስኮፕ የሚባል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያለው ካሜራ ይጠቀማሉ፤ የአውታሮቹን እንቅስቃሴ ዝግ አድርጎ ያሳያቸዋል። ምርመራው ረጅም አይደለም። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ አምስት ወር ሙሉ ብቻህን ከምታሰላስለው ይሻላል።

ከመሄድህ በፊት ለባለቤትህ ንገራት። ይህን የምለው ሚስጥር መደበቅ ኃጢአት ነው ለማለት አይደለም። እሷ ደስ ያላት አንተ ቤት ስለምትቀመጥ ነው። አንተ ደግሞ ስትደሰት እያየህ «ውስጤን አላወቀችም» እያልክ ትከፋለህ። እንዴት ታውቀው፣ አልነገርካትማ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ድምፃውያን ይህን ይሳሳቱታል። ዩኒቨርሲቲ ለጉሮሮ ማረፊያ ይመስላቸዋል። አይደለም። መምህራን የድምፅ ችግር በብዛት ከሚያጠቃቸው ባለሙያዎች ውስጥ ናቸው፤ የድምፅ መምህር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከማውራቱ በላይ እየዘፈነ ያሳያል። ፒያኖ እየተመታ፣ ተማሪው እየዘፈነ፣ እሱ በላዩ ላይ «ክፈተው! ትንፋሽ! መንጋጋህን ልቀቅ!» እያለ ይጮኻል። ማታ ላይ የቀረ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሐኪሙ አውታሮችህ ደክመዋል ካለህ፣ ሥራውን ተቀብለህ ድምፄን አሳርፋለሁ ብለህ አታስብ። መጀመሪያ አሳርፈው፣ ከዚያ ግባ። ጤነኛ ነህ ካለህም የማስተማር ቀንህን እንደ ትርኢት ቀን ቁጠረው። ጠዋት ተማሪ ከመምጣቱ በፊት ለራስህ ድምፅ አሟሙቅ። ተማሪው ሲዘፍን ዝም በል፤ ሲጨርስ ተናገር። በትምህርትና በትምህርት መሃል በቀጭን ስትሮው ውስጥ ድምፅ ማውጣቱንም ሞክረው፤ የድምፅ ሳይንቲስቱ ኢንጎ ቲትዝ በሰፊው ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ የደከመ ጉሮሮን ያፍታታል።

አሁን ወደ «መሸሼ ይሆን?» እንምጣ።

ባሪቶኑ ጓደኛህ የቀለደው ቀልድ በየልብስ መቀየሪያው የሚዞር ነው። እኔም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀልደው ራሱ ከውል ውጭ መተዳደሪያ የሌለው ሰው ነው። አሜሪካዊውን ቴነር ጆርጅ ሸርሊን አስበው። ሥራ የጀመረው በማስተማር ነው፤ ዲትሮይት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ውትድርና ገብቶ በጦሩ መዘምራን ውስጥ ዘፈነ። ከዚያ ወደ ኦፔራ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ሲገባ በዚያ ቤት ዋና ሚና የዘፈነ የመጀመሪያው ጥቁር ቴነር ሆነ፤ 11 ዓመት ቆየ። በ1980 ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ በ1987 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እያስተማረም መድረክ ላይ መውጣቱን አልተወም። ይህ ሰው ከየትኛው ሸሸ ይባላል? ከክፍል ወደ መድረክ ነው የሸሸው ወይስ ከመድረክ ወደ ክፍል?

ዢልቤር ዱፕሬም አለልህ። በ1837 ፓሪስ ኦፔራ ላይ ከፍተኛውን «ዶ» በደረት ድምፅ፣ ማለትም በሙሉ ድምፁ፣ አውጥቶ ከተማውን ጉድ ያሰኘ ቴነር ነው። ከሱ በፊት እዚያ ከፍታ ላይ ቴነሮች ድምፃቸውን ያሳሱ ነበር። በ1842 በፓሪስ ኮንሰርቫቷር፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ ማስተማር ሲጀምር ገና ኦፔራው ላይ ይዘፍን ነበር። ማንም «ጠፋ» አላለውም። (ድምፁ ግን ቶሎ ደከመ። ያች ዶ ያስከፈለችው ዋጋ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።)

ስለዚህ ይህን ሥራ ስለተቀበልክ ብቻ ሸሽተሃል የሚልህ የለም። ሽሽት የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። ተማሪ ፊት ተቀምጠህ በሐሳብህ የራስህ መድረክ ላይ ስትሆን ነው። እንዲህ ዓይነት መምህር አጅቤያለሁ። ጎበዝ ዘፋኝ ነበር። ተማሪዋ ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ እጁን ፒያኖው ላይ ያሳርፍና «ይህን እኔ ስዘፍነው ምን ሆነ መሰለሽ…» ብሎ ይጀምራል። ኮንዳክተሩ፣ አዳራሹ፣ ጭብጨባው። ልጅቷ ኖታዋን ደረቷ ላይ እንደያዘች ትቆማለች። ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው። የተመደበላት ጊዜ እያለቀ ነው። ስትወጣ «በጣም አመሰግናለሁ መምህር» ትላለች። ሳምንት ስትመጣም ያው ችግር ይዛ ነው የምትመጣው።

ይህን የነገርኩህ ልወቅስህ አይደለም። አንተ እንደሱ እንዳልሆንክ የሚያሳይ ነገር ደብዳቤህ ውስጥ አለ። ሶፕራኖዋን «ነበረች» ብለህ በሁለት መስመር አለፍካት። ወዲያው «ያም ሆነ ይህ» ብለህ ወደ ጭንቀትህ ተመለስክ። እኔ ግን እዚያች መስመር ላይ ቆምኩ። የራስህን ልምምድ ረሳህ! ለሰው ድምፅ ብለህ የራስህን የረሳህበት ቀን ከዚያ በፊት ነበር? ለመጨረሻ ጊዜ ሰውነትህን የወረረህ ራስህ ስትዘፍን ነው ወይስ እሷ ስትዘፍን? መልሱን ለኔ መጻፍ የለብህም። ለኔ ግን ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። «ድምፄ ስንት ዓመት ቀረው?» የሚለው በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣ ነው። የሌላ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ያለው ነገር እንቆቅልሽ ይሆንብሃል? ሳትፈታው ቤት ስትገባ ይከነክንሃል?

ስፔናዊው ማኑዌል ጋርሲያን ሳታውቀው አትቀርም። አባቱ በሮሲኒ «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ» ኦፔራ ውስጥ የአልማቪቫን ሚና ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነው ቴነር ነው። እህቱ ማሪያ ማሊብራን አውሮፓን ያስጨበጨበች ድምፃዊት ናት። እሱ ግን ባሪቶን ሆኖ ጀምሮ ገና በወጣትነቱ መድረኩን ተወው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ገምት። በ1841 ጄኒ ሊንድ የምትባል ስዊድናዊት ድምፅዋ ተጎሳቁሎ ፓሪስ እሱ ዘንድ መጣች። በመጀመሪያ ያዘዛት ዝም እንድትል ነው፤ ለሳምንታት። ቀጥሎ ከሥር ጀምሮ አስተማራት፤ ከዚያ በኋላ በዓለም የታወቀች ሶፕራኖ ሆነች። ጋርሲያ እዚያም አላቆመም። ድምፅ ሲወጣ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት አማረው። በ1854 አንድ የጥርስ ሐኪም መስታወትና አንድ የእጅ መስታወት ይዞ፣ የፀሐይ ብርሃን አንጸባርቆ፣ የራሱን የድምፅ አውታሮች አየ። ዛሬ አንተን የሚያይህ ሐኪም የያዘው ካሜራ የዚያ መስታወት የልጅ ልጅ ነው። ለንደን ውስጥ ሲያስተምር አርጅቶ በ1906 በ101 ዓመቱ አረፈ። የዘፈናቸውን ሚናዎች ዛሬ የሚያስታውስ እምብዛም የለም።

ያ የ20 ዓመት ልጅስ? ከ«ፋ» ወደ «ሶል» መሻገሪያው ለቴነር እንዴት አስቸጋሪ እንደሆነ ላንተ አልነግርህም፤ ፓሳጆ በሚባለው በዚህ መሻገሪያ ላይ ያልተሰቃየ ቴነር የለም። አንተ ግን መፍትሔውን ካገኘኸው ቆይተሃልና እንዴት እንዳገኘኸው ረስተኸዋል። ጉሮሮህ ያውቀዋል፣ አፍህ አይናገረውም። ለዚህ ነው ቃል ሲያጥርህ የዘፈንክለት። ልጁ ምን ሰማ? የ42 ዓመት ሰው፣ የበሰለ፣ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ። ከዚያ የራሱን ከዚያ ጋር አስተያየው። ሁለት ምርጫ ብቻ ነው የቀረው፤ አንተን ለመምሰል ጉሮሮውን ማስጨነቅ ወይም መደበቅ። ተደበቀ። እኔ ብሆን ተደበቀልኝ ብዬ ነው ደስ የሚለኝ፤ የሚጎዱት አስጨንቀው የሚቀጥሉት ናቸው።

ይህ ችሎታ የለህም ማለት አይደለም። ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ አንተ ደግሞ ገና አንድ ሴሚስተር ነው የሠራኸው። መዝፈን በአንድ ሴሚስተር ተማርክ? ሶፕራኖ ስታስተምር በራስህ ድምፅ ማሳየት አትችልም፤ ስለዚህ ግድ ሆኖብህ አዳመጥክ፣ ጠየቅክ፣ ጠበቅክ። ሠራልህ። ከቴነሩ ጋር ግን አቋራጭ ነበረህ፣ እሱን ያዝክ። በሚቀጥለው ጊዜ ከማሳየትህ በፊት «አሁን ምን ተሰማህ? የት ላይ ያዘህ?» ብለህ ጠይቀው። ማሳየት ካለብህም በግማሽ ድምፅ፣ አንድ አናባቢ፣ ሁለት ኖታ ብቻ። አሁንም ስልኩ ካለህ ደውልለትና አንድ ሰዓት አብራችሁ ሥሩ። ክፍያ አትቀበል። ይህን የምለው ለሱ ብቻ ብዬ አይደለም። መልስ ከመስጠትህ በፊት የዚያ ልጅ ችግር ይስብህ እንደሆነ ወይ ያሰለችህ እንደሆነ ማወቅ አለብህ።

ወኪልህ ስላለህ ነገር እውነቱን ልናገር፤ ግማሹ ትክክል ነው። ኦፔራ ሲዘጋጅ አምስት ስድስት ሳምንት ልምምድ አለው። አስተማሪ ሆነህ በሴሚስተር መሃል ስድስት ሳምንት መጥፋት አትችልም። የተወሰኑ ጥሪዎች ያመልጡሃል። ሁለት ሦስቴ «አልችልም» ካልክ የሚደውልልህ ሰው ይቀንሳል። ይህን አላቃልልብህም፤ ቅር ይልሃል፣ ቅር ይበልህም። ግን ቴነር ሆነህ የምትዘፍነው ኦፔራ ብቻ አይደለም። በአቀናባሪው ባክ የሕማማት ሥራዎች ውስጥ ወንጌላዊውን የሚዘፍነው ማን ነው? የሄንደል ሥራዎችስ? ኦራቶሪዮ (ያለ ትወና የሚዘፈን ትልቅ፣ ብዙውን ጊዜ መንፈሳዊ ሥራ) ጥቂት ቀን ልምምድ ነው፣ ከዚያ ትርኢት፣ ከዚያ ቤት። በሪሲታል ደግሞ አንተና አጃቢህ ብቻ ናችሁ፤ ቀኑን ራሳችሁ ትቆርጣላችሁ። የክረምት ፌስቲቫሎችም ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ናቸው። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ። የሄንደል «መሲሕ» በብዛት የሚዘፈነው ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሴሚስተር መጨረሻ የድምፅ ፈተናም ያኔ ነው። ይህን አስቀድመህ አንሳው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ቀጠሮ ያዝና ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ደመወዙን ባለቤትህ ጠይቃህ ይሆናል፤ እኔ ስለሌላው ነው የምልህ። ውጭ ለመዝፈን በሴሚስተር ስንት ቀን መቅረት ይፈቀድልሃል? የቀረውን ትምህርት ታካክሳለህ ወይስ የሚተካህ ሰው አለ? በአንዳንድ ቦታ የሙሉ ጊዜ መምህር በሳምንት 18 ሰዓት ያህል የግል ትምህርት ይሰጣል፤ የናንተ ስንት ነው? ሌላ ኮርስ፣ ኮሚቴ፣ የተማሪ ኦፔራ ዝግጅት ይጨመርበታል? የተማሪዎቹ አጃቢ በየሳምንቱ አለ ወይስ በፈተና ሰሞን ብቻ ነው የሚመጣው? (ይህን ስለ ሙያዬ ስል ጠይቅልኝ።) ከሁሉም በላይ ግን ይህን ጠይቅ፤ ለዕድገት ስትገመገም መድረክ ላይ መዝፈንህ እንደ ምርምር ሥራ ይቆጠራል? በብዙ የሙዚቃ ትምህርት ክፍሎች ይቆጠራል። ከተቆጠረ መዝፈንህ ከሥራህ የምትሰርቀው ጊዜ አይሆንም፤ የሥራህ ክፍል ነው። የተባለውን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበል። «ችግር የለውም፣ እንተሳሰባለን» የምትለዋን ቃል አትመናት። የተናገራት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ኃላፊ ላይሆን ይችላል።

የኔን ሐሳብ ከፈለግክ አልደብቅህም፤ ወደ መቀበሉ አደላለሁ። ባለቤትህ የጠቀሰችው ተረት ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛው ባላ እንዲሁ መንጠልጠያ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ። ተማሪ ሰው ነው፤ የቴነር መጠባበቂያ መሆን አይፈልግም። አንተ ግን የሶፕራኖዋን ሐረግ እስከ ዛሬ ትሰማዋለህ። ለዚህ ነው የማደላው። ከልጁ ጋር ቁጭ ብለህ ሰዓቱ አላልፍ ካለህ፣ ወይም እያዳመጥከው «እኔ ብሆን» እያልክ ራስህን ካገኘኸው፣ አትቀበል። ያኔ መዝፈንህን ቀጥል። 42 ዓመት ለሊሪክ ቴነር (ድምፁ ቀለል፣ ለስለስ ያለ ቴነር) ገና ብዙ የሚሠራበት ዕድሜ ነው። የሚጠሉህም አይኖሩም፤ እኔም አልታዘብህም። በየዝግጅቱ እየተከፈለ መኖር የራሱ ጣጣ አለው፤ ስለ ገቢውና ስለ ልጆቹ ከባለቤትህ ጋር ሌላ ወሬ ይጠብቃችኋል።

አንድ ሌላ መንገድም አለ። ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በግማሽ የሥራ ሰዓት መቀጠር ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። እሺ ላይሉ ይችላሉ። መጠየቅ ግን አያስከፍልም፤ እነሱ ናቸው የፈለጉህ።

ሦስት ሳምንት ነው ያለህ። ዛሬ ማታ ባለቤትህን አነጋግራት። የሐኪሙን ቀጠሮ በዚህ ሳምንት ያዝ፤ ጥሩ ሐኪሞች ቶሎ አይገኙም። ልጁን በሁለተኛው ሳምንት አግኘው፣ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊም እንደዚሁ። ከኃላፊው የጽሑፍ መልስ እስክታገኝ ድረስ ለወኪልህ አትደውል፤ እሱ ከቀደመ አንተን ሳይሆን የሚቀርበትን ኮሚሽን ነው የሚያስበው። ስትደውልለት ግን «አስተምራለሁ» ብቻ ብለህ አትዝጋው። ከኃላፊው የተፈቀዱልህን ቀናት ዘርዝረህ ላክለት፣ ከኮንሰርት ጀምሮ እንዲፈልግልህም ንገረው።